የኣቦይ ኣባዲ ጥይት

ፍርድ ቤቱ የጥይት ፍጥነት የሚለካለት ሰው ፈልጎ ዩኒቨርሲቲውን ጠየቀ፤ ዩኒቨርሲቲው ጥያቄውን ለፊዚክስ ክፍል መራው፤ የክፍሉ ኃላፊ ደግሞ ዞር ብሎ ሲያይ የቤተ ሙከራው ቁልፍ ዳናይት እጅ ላይ ነበር። ሥራው እንዲህ ሆኖ ነው የደረሳት። ዳናይት ለተማሪዎቿ ኳስ ከጠረጴዛ ላይ ስትጥልና ትንንሽ ጋሪ በሐዲድ ላይ ስታንሸራትት የኖረች መምህርት ናት እንጂ ጥይት ለክታ አታውቅም። ደግሞም ለማንም አትናገረው እንጂ የተኩስ ድምፅ አይሆንላትም። ጦርነቱን ያሳለፈችው እዚሁ መቐለ ነው። ከዚያ ወዲህ የመኪና ጎማ እንኳ ሲፈነዳ ትከሻዋ ሳታዘው ወደ ጆሮዋ ይሰበሰባል። ሰው እንዳያይባት ነጠላዋን የምታስተካክል ትመስላለች።

እምቢ ለማለት ቆርጣ ነበር ችሎት የሄደችው። እዚያ ስትደርስ ግን የክርክሩ ሐተታ እየተነበበ ስለነበር ቁጭ ብላ ሰማች።

ከሳሹ ኣቦይ ኣባዲ የሚባሉ፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ በሚገኝ የእብነ በረድ መቁረጫ ፋብሪካ ለረጅም ዘመን በጥበቃ የሠሩ ሰው ናቸው። አንድ ሌሊት ሌቦች ገብተው የሞተሮቹን የመዳብ ሽቦ ነቅለው ሲወጡ ኣቦይ ኣባዲ ፋብሪካው ባስታጠቃቸው ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ተኩሰዋል። ከሌቦቹ አንዱ፣ የተተኮሰበት፣ ካፖርቱን ጥሎ አጥር ዘሎ አመለጠ። ሲነጋ አረሩ ከአጥሩ ሥር፣ ከካፖርቱ አጠገብ ተገኘ። አልተጣመመም፣ አልተጨፈለቀም። ካፖርቱም አልተበሳም፤ ጀርባው ላይ የጣት ጫፍ የምታህል ጥቁር ነጥብ ብቻ ነበረችበት። የፋብሪካው አስተዳደር ኃላፊ አቶ መድሃኔ ይህን አይተው ደመደሙ፦ የተተኮሰ አረር በካፖርት አይቆምም፤ ስለዚህ ኣባዲ አረሩን ከቀለሃው በጉጠት ነቅሎ እዚያ ጥሎታል፤ ስለዚህ ከሌቦቹ ጋር ነው። ኣቦይ ኣባዲ ከሥራ ተባረሩ። እሳቸውም ከሰሱ።

«ድምፁ እንዴት ነበር?» ብለው ጠየቋቸው ዳኛዋ።

«እንደ ጭብጨባ ነበር ክብርት ዳኛ» አሉ ኣቦይ ኣባዲ፣ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው። «እንደ አንድ ሰው ጭብጨባ።»

ችሎቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሳቀ። ዳናይት አልሳቀችም። ብዙ ዓይነት የተኩስ ድምፅ ሰምታለች፤ እንደ ጭብጨባ ያለ ግን አልሰማችም። ሽማግሌው ሊዋሹ ቢፈልጉ ኖሮ ከዚህ የተሻለ ውሸት አያጡም ነበር ስትል አሰበች። ተራዋ ሲደርስ «እሺ፣ እለካለሁ» ብላ ወጣች። ደጅ ከደረሰች በኋላ ነው ምን እንዳለች የገባት።

መሣሪያውን የሠራላት ወንድሜነህ ነው። ወንድሜነህ የደብረ ማርቆስ ልጅ፣ የኤሌክትሮኒክስ መምህር ነው። ጦርነቱ ሲጀመር ከመቐለ ወጥቶ፣ ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ማንም ሳያስገድደው ራሱ ጠይቆ ተመለሰ። ትግርኛው ሰላምታ ካለፈ ስለሚሰነካከል እሱ ባለበት ሁሉም አማርኛ ይናገራል። ሁለት የእንጨት ክፈፎች አበጀ፤ በእያንዳንዱ ላይኛው ጠርዝ የመብራት ረድፍ፣ በታችኛው ደግሞ ብርሃን የሚያዩ ትንንሽ ዓይኖች አሉ። ጥይት በመጀመሪያው ክፈፍ ሲያልፍ መብራቱን ይጋርዳል፤ ሰዓቱ ይነሳል። በሁለተኛው ሲያልፍ ሰዓቱ ይቆማል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ይታወቃልና ፍጥነቱ ይሰላል። ዳናይት ፍጥነቱን በምታውቀው ከፎቅ በሚወድቅ ኳስ ሞከረችው፤ አልተሳሳተም። ቀጥሎ በወንጭፍ ድንጋይ ሞከሩት፤ ሠራ።

«በጉጉት እንቅልፍ አጣሁ እኮ ዳኒ» አላት ወንድሜነህ ሽቦ እየጠቀለለ። «እኔ በሕይወቴ በቅርብ ሲተኮስ ሰምቼ አላውቅም። እንደ ርችት ነው አይደል?»

«ርችት አይደለም» አለችና ወደ ሌላ ሥራ ዞረች። እሱም አልጠየቃት፣ እሷም አልነገረችው።

የሐምሌ ዝናብ ፋታ በሰጠበት አንድ ማለዳ ከከተማው ወጣ ብሎ ከቁሓ ጀርባ ወዳለ የተተወ የድንጋይ ማውጫ ሄዱ። ፖሊስ ለተኩስ ልምምድ የሚጠቀምበት ቦታ ነው። ተኳሹ ሳጅን ሃፍታይ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ የክርክሩን ሽጉጥና ከጣቢያው ያመጣውን ተመሳሳይ ሽጉጥ ዘርግቶ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ለጆሮው ጥጥ አደለ። አቶ መድሃኔ በፋብሪካው ስም፣ ኣቦይ ኣባዲ በራሳቸው ስም ሊታዘቡ መጥተዋል። ሁለቱም ከአንድ ቋጥኝ ግራና ቀኝ ቆሙ እንጂ አልተነጋገሩም።

ክፈፎቹን ተክለው ሲጨርሱ አውሮፕላን ወደ ማረፊያው ዝቅ ብሎ አለፈ። ሁሉም ሥራቸውን ትተው እስኪሰወር ድረስ አንጋጠው ተከተሉት። ወንድሜነህ ብቻ አላየውም፤ ባትሪ እያገናኘ ነበር።

ጥይቶቹ ፋብሪካው ይጠቀምበት ከነበረው ሳጥን የመጡ ናቸው። ሳጅን ሃፍታይ ስድስት አጎረሰ። ዳናይት ከክፈፎቹ ጎን፣ ከአሸዋ ጆንያ ከለላ ኋላ ቆማ እጇን ስታወርድ አንድ ይተኩሳል፤ ወንድሜነህ ቁጥሩን ያነባል። ሥርዓቱ ይኸው ነው።

እጇን አወረደች። ጥይቱ ጮኸ፤ ትከሻዋ ዘለለ። ምልክቱን የሰጠችው ራሷ ናት፣ መቼ እንደሚተኮስ የምታውቀውም እሷ ናት፤ ትከሻዋ ግን ይህን አልሰማም።

«ሁለት መቶ ሃያ ስምንት!» አለ ወንድሜነህ ደስ ብሎት። በሰከንድ ሁለት መቶ ሃያ ስምንት ሜትር ማለቱ ነው።

ሁለተኛው ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ሆነ። ሦስተኛው ሁለት መቶ አሥራ ዘጠኝ።

«እንግዲህ ምን ቀረ?» አሉ አቶ መድሃኔ።

አራተኛው አንድ መቶ አርባ ሁለት መጣ። ወንድሜነህ መሣሪያውን ነካካው፤ ምንም አልሆነም። አምስተኛው ወደ ደንቡ ተመለሰ። ስድስተኛው ዘጠና ሰባት አለ። በእያንዳንዱ ላይ ዳናይት ደነገጠች፤ በእያንዳንዱ ላይ ነጠላዋን አስተካከለች። ሳጅን ሃፍታይ አይቷታል፤ ግን ዓይኑን ወዲያው ወደ ሽጉጡ መለሰ።

«አማካዩን አስሉታ» አሉ አቶ መድሃኔ። «አማካዩ ደህና ነው።»

«አቶ መድሃኔ፣ ሌባው የተተኮሰበት በአማካይ አይደለም» አለች ዳናይት። «በአንዲት ጥይት ነው።»

«ይሁን፤ ዝቅተኛውን ውሰጂ። ዘጠና ሰባት ካፖርት አይበሳም?»

ዳናይት ወደ ሳጅኑ ዞረች። ሳጅን ሃፍታይ ጥቂት አሰበና «ይበሳል» አለ። «ካፖርቱንም ሰውየውንም።»

መልሱ ትክክል ነበር፤ እሷም ታውቀዋለች። ኣቦይ ኣባዲ ባርኔጣቸውን አውልቀው ውስጡን ማየት ጀመሩ፣ አንዳች ነገር የተጻፈበት ይመስል።

ሳጅኑ እንደገና አጎረሰ። የመጀመሪያው ጥይት እንደ ወትሮው ጮኸ፣ ቁጥሩም ደህና ነበር። ዳናይት ለሁለተኛው እጇን አወረደች። ሳጅኑ ምላጩን ሳበ፤ ጠብ የምትል ድምፅ ተሰማች።

«አላነበበም» አለ ወንድሜነህ ወደ መሣሪያው አጎንብሶ። «ብርሃኑ ነው መሰለኝ፤ ደመናው ተገልጦ ፀሐይ ገብቶበታል። ይህችን እንለፋት። ቀጥል፣ ሳጅን!»

ሳጅን ሃፍታይ ጆሮው በጥጥ የታፈነ ነው፤ «ቀጥል» የምትለው ብቻ ደረሰችው። ክንዱን አስተካከለ።

ዳናይት ያኔ አንድ ነገር ታወቃት። ትከሻዋ ባለበት አለ። ነጠላዋም አልተነካም። ምን ሆነ ብላ ከማሰቧ በፊት፣ አፏ በራሱ ተከፈተ፦

«ደው በል! ሃፍታይ፣ ደው በል!»

ጩኸቷ በአፍ መፍቻዋ በትግርኛ ነበር የወጣው፤ «ቁም» ማለቷ ነው። ሳጅኑ ደረቀ። ከዚያ ጣቱን ከምላጩ ቀስ አድርጎ አወጣና አፈሙዙን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ ወደ እሷ ተመለከተ።

«ጥይቱ አልወጣም» አለች። «ውስጥ ነው ያለው።»

ሳጅን ሃፍታይ ጎራሹን ከፍቶ ጥይቶቹን መዳፉ ላይ ገለበጠ። ቀጭን የእንጨት ዘንግ ወስዶ በአፈሙዙ አስገባ። ዘንጉ ግማሽ መንገድ ሲደርስ ቆመ። ሳጅኑ ደጋግሞ ገፋው፤ አልንቀሳቀስ አለ። አረሩ ከበርሜሉ መሐል ተቀርቅሯል። ቀጣዩ ጥይት በሙሉ ጉልበቱ ቢመጣ ኖሮ ከዚያ አረር ጋር ተላግቶ በርሜሉን ይተረትረው ነበር፤ ይህን ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም። ሳጅኑ ዘንጉን እንደያዘ ቋጥኙ ላይ ተቀመጠና ቀኝ እጁን አገላብጦ አየው።

«ልጆች አሉኝ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

ወንድሜነህ ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ ነኝ ቀጥል ያልኩት» አለ።

ቆይተው፣ ውሃ ከጠጡ በኋላ፣ ሳጅኑ ከጣቢያው ባመጣው ሁለተኛ ሽጉጥ ሊቀጥሉ ተስማሙ። አሁን ግን አንድ አንድ እያጎረሱ፣ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ በዘንግ እየፈተሹ። ወንድሜነህ ወፍራም ጃኬቱን አወለቀና «ካፖርት ይበሳል አይበሳም የሚለውን በዓይናችን እንየው» ብሎ ከጆንያው ፊት በእንጨት ላይ ሰቀለው።

«ይበላሽብሃል» አለችው ዳናይት።

«ይበላሽ።»

ሁለት ጥይቶች ጃኬቱን እንደ ወረቀት በስተው አሸዋ ውስጥ ገቡ። ሦስተኛው ዝቅ ያለ ድምፅ አሰማ፤ መሣሪያው ሠላሳ ስምንት አለ። ሄደው ሲያዩ አረሩ ከጃኬቱ ሥር ሣሩ ላይ ወድቋል። አልተጨፈለቀም። ጃኬቱ ላይ የጣት ጫፍ የምታህል ጥቁር ነጥብ ነበረች።

ኣቦይ ኣባዲ ቀረብ ብለው ጎንበስ አሉ፤ ግን አረሩን አልነኩትም። «ይኸው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ልክ እንዲህ ነበር።»

አቶ መድሃኔ አልቀረቡም። «ያችኛዋን፣ መሣሪያው ያላነበባትን፣ አትጽፉም» አሉ። «ያልተለካ አይጻፍም። ወንድም፣ አንተ የሙያው ሰው ነህ፤ ይጻፋል?»

ወንድሜነህ አመነታ። «በደንቡ ከሆነ... ቁጥር የለንም» አለ።

«ቁጥር አለን» አለች ዳናይት። «ዜሮ ነው። ከበርሜሉ አልወጣም፤ ዘንጉ ለክቶታል። ዜሮ ብዬ እጽፋለሁ።»

«እኔም እፈርምበታለሁ» አለ ሳጅን ሃፍታይ።

አቶ መድሃኔ ክርክሩን የረሱ በሚመስል ድምፅ፣ «ደረቅ ነበር እኮ» አሉ። «ሳጥኑ ደረቅ ነበር። በዚያ ክፉ ጊዜ የፋብሪካው ዕቃ ሁሉ ሲሄድ እሱን ብቻ ነው ያተረፍኩት። በላስቲክ ጠቅልዬ ከቤቴ ጓሮ ቀበርኩት። ሁለት ክረምት። ሳወጣው ላስቲኩ እንዳለ ነበር።»

«ላስቲኩ አንድ ጎኑ ተቀዶ ነበር መድሃኔ» አሉ ኣቦይ ኣባዲ።

ዳናይት ቀና አለች። «እርስዎ በምን ያውቃሉ?»

«እንዴት አላውቅም ጓለይ፣ ልጄ፤ ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ስናወጣውም አብሬ ነበርኩ።»

«ይህን ለምን ለችሎት አልተናገርክም?» አሏቸው አቶ መድሃኔ። ድምፃቸው ቁጣ ይሁን ሌላ ነገር መለየት ያስቸግር ነበር።

«ምን ብዬ? ያን ጊዜ መሣሪያ ደብቆ መገኘት ምን እንደሚያስከትል አንተም እኔም እናውቃለን። ለፋብሪካው ብለህ ያደረግኸውን እኔ ቆሜ መድሃኔ ጥይት አበሰበሰ ልበል?» ባርኔጣቸውን ራሳቸው ላይ መለሱ። «አንተ ግን ሌባ አልከኝ።»

አቶ መድሃኔ ዞረው ሄዱ፤ ሌሎቹ የቀረውን ሥራ እስኪጨርሱ ከመኪናቸው አጠገብ ቆመው ቆዩ።

ሲመለሱ ዳናይትና ወንድሜነህ የዩኒቨርሲቲው ፒክአፕ ውስጥ ከኋላ ነበሩ፤ ክፈፎቹ ጉልበታቸው ላይ። የቁሓ መንገድ ጭቃ ሆኖ መኪናው ይንገራገጫል። ወንድሜነህ የተበሳ ጃኬቱን ለብሶ ነበር።

«እንዴት አወቅሽ?» አላት። «እኔ መሣሪያውን ሳይ አንቺ መሣሪያውን እንኳ አላየሽም።»

ዳናይት ልትሸሽ ፈልጋ ነበር፤ ግን ደክሟታል። «በተተኮሰ ቁጥር እደነግጣለሁ» አለችው። «በሁሉም። ጎማ ሲፈነዳም፣ በር ሲላተምም። ያችኛዋ ላይ አልደነገጥኩም። አካሌ ተኩስ ነው ብሎ አልተቀበላትም።»

ወንድሜነህ ጣቱን በጃኬቱ ቀዳዳ አሾለከ። «ርችት ነው አይደል አልኩሽ» አለ።

«ብለሃል።»

«ለምን አልተቆጣሽኝም?»

«ምን ብዬ ልቆጣህ? አልነበርክም።»

«አልነበርኩም» አለ። «ተመልሼ ከመጣሁ ጀምሮ ምን እንደምጠይቅ አላውቅም። ብጠይቅ ክፉ ይመስለኛል፣ ዝም ብልም ክፉ ይመስለኛል።»

«ጠይቅ» አለችው። «ካልፈለግሁ አልመልስም።»

ያን ቀን ግን አልጠየቃትም። በሌላ ጊዜ፣ ቀስ በቀስ፣ ጠየቃት። እሷም የመለሰችለት አለ፣ ያለፈችውም አለ።

ችሎቱ ውጤቱን ከሰማ በኋላ ብዙ አልቆየም። ኣቦይ ኣባዲ በእርግጥ ተኩሰዋል፣ ጥይቱ ግን ተበላሽቷል ተብሎ ተወሰነና ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ታዘዘ። ከሳጥኑ የተረፈውን ጥይት ፖሊስ ወስዶ አስወገደው። አቶ መድሃኔ ይግባኝ አልጠየቁም፤ በፋብሪካው ሠራተኞች ፊትም «ኣባዲን በድያለሁ» አሉ፤ ይህን ለማለት ከበዳቸው እንጂ አልሸሹትም። ሁለቱ ሰዎች አሁን በበሩ ሲተላለፉ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። እንደ ድሮው እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተያይዘው ሲወጡ ግን አይታዩም። ኣቦይ ኣባዲ በራሳቸው ጥያቄ የቀን ጥበቃ ሆኑ፤ ሽጉጥ አልያዙም።

በነሐሴ አንድ ቀን በላስቲክ ባልዲ በለስ ሞልተው ቤተ ሙከራው ድረስ መጡ። ሓድነት ሰፈር ካለው ቤታቸው አጥር የተለቀመ ነው አሉ። ዳናይት ወንበር ሰጠቻቸው።

«የቐንየለይ፣ አመሰግናለሁ ልል ነው የመጣሁት» አሉ። ግን ከወንበሩ አልተነሡም፤ ሌላም ነገር እንዳለ ታወቃት። «አንድ ነገር ግን ሆዴን ይበላኛል ጓለይ። ሰው ሁሉ አሁን ጥይቱ ነው፣ ጥይቱ ነው ይላል። እውነት ነው፣ ጥይቱ ነው። ግን ሽጉጡ ውስጥ አምስት ቀርተውኝ ነበር። ሌባው አጥር ላይ ሲንጠለጠል አየሁት፤ ልተኩስ እችል ነበር። አልተኮስኩም። ፈራሁ። ለምን እንደፈራሁ እንኳ አላውቅም። ይህን ለዳኛዋ አልተናገርኩም።»

«ጠይቀውዎት ነበር?»

«አልጠየቁኝም።»

«እኛንም ስለ ፍርሃት አልጠየቁንም ኣቦይ። የጠየቁን ፍጥነቱን ነው።»

ሽማግሌው የረኩ አይመስሉም፤ ግን የመጡበትን ተናግረው ጨርሰዋል። «እሺ» አሉ። «እንግዲህ ብሉ።»

ወንድሜነህ ያን ጊዜ ገባ። ባልዲውን ሲያይ ደስ ብሎት እጁን ሰደደና አንዱን በለስ በመዳፉ ሙሉ ያዘው። ዳናይት «ተው!» ብትልም አልደረሰችም። በዓይን የማይታየው እሾህ ጣቶቹን ሞላቸው።

«ኧረ እጄን!»

«ወይ ጉድ» አሉ ኣቦይ ኣባዲ እየሳቁ። «ይህ ልጅ ስንት ዓመት መቐለ ኖረ?» ወንበራቸውን ወደ ብርሃኑ ሳቡ፣ የወንድሜነህን እጅ ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ፣ ዳናይት ከመሳቢያ ያወጣችላቸውን ትንሽ ወረንጦ ተቀበሉ። ከዚያ እሾሁን አንድ በአንድ እየነቀሉ፣ በለስ እንዴት እንደሚያዝ፣ እንዴት እንደሚላጥ፣ የትኛው አጥር የተሻለ እንደሚያፈራ ያስረዱት ጀመር። ዳናይት ከጎናቸው ቆማ በቢላዋ እየላጠች ለሦስቱም ሳህን ላይ ታስቀምጥ ነበር።